ገና አልሞቀም

«ገና ነው፤ ጨምሪበት» አልኋት ጎረቤቴን።

ከማንቆርቆሪያው ጨመረችበት። እኔ በራችን ላይ ዱካ ላይ ተቀምጬ ሁለት እግሮቼን ሳፋ ውስጥ ነክሬያለሁ፤ ውኃው የባሕር ዛፍ ቅጠልና አንድ እፍኝ ጨው አለበት። ከሰዓት በኋላ ነው። ከሐይቁ ወገን ነፋስ ቢጤ ይመጣል፤ እኛም ወሬ ይዘናል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱ በጠራው ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ጥሎት አንኮራፍቶ ነበርና ጎረቤቴ ማንኮራፋቱን እያስመሰለች ታሳየኛለች፣ እኔ እስቃለሁ።

«አሁንስ?» አለችኝ።

«ለብ ብሏል መሰለኝ። ገና አልሞቀም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እግርሽ የተሠራው ከምንድን ነው?» ብላ የቀረውን በቀኝ እግሬ በኩል ደፋችው።

ያን ጊዜ ትልቋ ልጄ ከትምህርት ቤት ገባች። ደብተሯን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና ከቅጠሉ አንዱን ላንሳ ብላ እጇን ወደ ሳፋው ሰደደች። ወዲያው መንጭቃ አወጣችው።

«እማዬ፣ ይሄ ውኃ ይፋጃል።»

«የት ይፋጃል?» አልኋት። አሁንም እየሳቅሁ ነበር። ጣቶቿን አሳየችኝ፤ ቀልተዋል። ጎረቤቴም በተራዋ አንድ ጣቷን ነከር አድርጋ አወጣችና ፊቷ ተለወጠ።

«እግርሽን አውጪ» አለችኝ።

አወጣሁት። ሁለቱም እግሮቼ ከቁርጭምጭሚት በታች ቀይ ካልሲ ያጠለቅሁባቸው መስለዋል። የቀኙ ጀርባ ላይ ቆዳው ተነሥቶ ውኃ መቋጠር ጀምሯል፤ ዓይናችን እያየ ያብጣል። ልጄ «ያምሻል?» አለችኝ። ጫን ጫን አደረግሁት። አያምም። ምንም። የሌላ ሰው እግር የነካሁ ያህል ነው። ሕመም ምነው በመጣልኝ ብዬ የተመኘሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ሳቁ አፌ ላይ ቀረ፤ እግሬ ከእኔ ጋር እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ያኔ አርባ ልደፍን ጥቂት ነበር የቀረኝ፤ የአራት ልጆች እናት ነኝ። የልጆቼ አባት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሸማኔ ነው፤ በፈረቃ ይሠራል፤ ሲመጣ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ ተቀምጦበት ያለ ዕድሜው ሽማግሌ መስሎ ነው። እኔ ደግሞ ሐይቁ ዳር ዓሣ አጸዳለሁ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ይዘው የመጡትን ቀረሶና አምባዛ፣ የቀረሶውን ቅርፊት እየፋቅን፣ ሆዱን እየቀደድን፣ ለገዢው የምናሰናዳ ሴቶች ነበርን። ሥራው በባዶ እግር ነው። ድንጋዩ አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር ስለሚያበቅል ጫማ ያደረገ ይወድቃል። ውኃው እስከ ባት እየደረሰ፣ ጠዋት ገብተን እስከ እኩለ ቀን እንቆማለን። ከደቅ ደሴት እንጨት ጭነው የሚመጡት ታንኳዎች በአጠገባችን ሲያልፉ ቀዛፊዎቹ ይለክፉናል፣ እኛም መልስ አናጣም። ደስ የሚል ሥራ ነበር፤ ሽታው ካልሆነ።

ስኳር እንዳለብኝ ከታወቀ ያኔ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አንድ እንስራ ውኃ ጠጥቼ የማልረካበት፣ ቀሚሴ ከላዬ ላይ የሚወርድበት ጊዜ ነበረ፤ ሆስፒታል ሄጄ ነገሩኝ፤ ኪኒን ጀመርሁ። በዚያ ዘመን ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ይባል ነበር። የሐይቁ ዳር ሴቶች ሲሰሙ አንዷ «ከእኛ ተደብቀሽ ምን ስትበዪ ኖረሽ ነው?» አለችኝ። ሌላዋ «ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ካለው ቤተ መንግሥት በጓሮ በር እየገባች ነዋ» አለች። የቀበሌው ሱቅ ስኳር በኩፖን ሲያድል እኔም ለልጆቼ ልወስድ እሰለፋለሁ፤ ሻጩም ተራዬ በደረሰ ቁጥር «አንቺ ደግሞ፣ አለሽ አይደል፤ ምን ይሠራልሻል?» ይለኛል። ሰልፉ ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። ኪኒኔን እየዋጥሁ፣ ጣፋጭ ትቼ፣ በየወሩ እየታየሁ፣ ከበሽታዬ ጋር ተላምደን እንደ ባልና ሚስት እንኖር ነበር።

የእግሩ ነገር ግን አዲስ ነው። መጀመሪያ ጣቶቼ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኝ ጀመር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጉንዳን የለም። ከዚያ ጉንዳኑ ጠፋና እግሬ በጨርቅ የተጠቀለለ መሰለኝ፤ ስረግጥ መሬቱ ሩቅ ነው። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ቁልቁል አየኝና «ሌላዋን ለማን መርቀሽ መጣሽ?» አለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ አንድ ሸበጥ ብቻ ነው ያደረግሁት። ሁለተኛው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል፤ በባዶ እግሬ ኮረት ላይ ስሄድ አላወቅሁም። ልጆቹ ሳቁ፣ እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሄጄ ብፈልገው ሸበጡን አጣሁት።

ሐይቅ ዳር ለሚሠራ ሰው እግሩን የሚሰማው ነገር ሁሉ ብርድ ነው። ቢቆረጥመውም ብርድ ነው፣ ቢያብጥም ብርድ ነው፣ ቢደነዝዝም ብርድ ነው። የብርድ መድኃኒት ደግሞ ሙቀት ነው። እኔ ራሴ ለስንቷ ሴት ውኃ አፍልቼ፣ ቅጠል ጨምሬ እግሯን ነክሬላታለሁ። «ሲፋጅሽ ንገሪኝ» እንላለን፤ ተነካሪዋ «በቃ» ስትል እናቆማለን። መለኪያችን ይኸው ነው። እንግዲህ የኔ እግር «በቃ» ማለት እንደተወ ማን ያውቃል? ጎረቤቴም አላወቀች።

እውነቱን ለመናገር እኔ ትንሽ ጠርጥሬ ነበር። በየወሩ ሆስፒታል ስሄድ አግዳሚው ላይ አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት የዱርቤቴ ሴት ነበረች፤ ጨዋታ አዋቂ፤ እንደ እኔው ስኳር ያለባት። አንድ ወር ቀረች። በሚቀጥለው ወር በክራንች መጣች፤ ቀሚሷ በአንድ በኩል ባዶውን ተንጠልጥሏል። «መጀመሪያ ደነዘዘኝ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ ቀን ወዲህ «ደነዘዘኝ» የምትለውን ቃል ከአፌ አላወጣኋትም። በየወሩ የሚያዩኝ ድሬሰር፣ የሆስፒታሉ ጤና ረዳት፣ «አዲስ ነገር አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም የለም» እላለሁ። ካልተናገርሁት የማይኖር ይመስለኝ ነበር። በአንድ እግር ሐይቅ ውስጥ አይቆምም፤ ትንሹ ልጄ ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

ያን ቀን ታዲያ ጎረቤቴ ቅቤ ይዛ ሮጣ መጣች። ልጄ «ቅቤ አይቀባም፤ ትምህርት ቤት ነግረውናል» ብላ እጇን ያዘቻት። ንጹሕ ጨርቅ ቀደድንና ጠቀለልነው። ጎረቤቴ እንባዋ ይወርዳል። እሷ ሙስሊም ናት፤ ባሏ ወረታና ባሕር ዳር እየተመላለሰ ጨርቅ ይነግዳል፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ሥጋ አብረን አንበላም እንጂ ሌላው ሁሉ የጋራ ነበር፤ ምጣዷን እኔ አውቀዋለሁ፣ ልጆቼን እሷ ትቆጣቸዋለች። «ማንም እንዳይሰማ» አልኋቸው ሁለቱንም። «አባትሽም ቢሆን።» ልጄ ሳፋውን አንሥታ ውኃውን ልትደፋ ወጣች።

ጎረቤቴ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። በግድግዳው በኩል ስትንቀሳቀስ እሰማታለሁ፤ በሬን ግን አትረግጥም።

ሦስት ቀን «ጉንፋን ይዞኛል» እያልሁ ከቤት አልወጣሁም። ለጉንፋን ሳል ያስፈልጋል ብዬ ባለቤቴ ሲኖር እስላለሁ። የግራው እግሬ ቅላት ጠፋ፤ የቀኙ ግን የቋጠረው ውኃ ፈረጠ፤ ጨርቁ ይርሳል፤ እለውጠዋለሁ። አሁንም አያምም። ዘመዶቼ የሚያወሩት ተረት ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር፤ የሚበላኝ ነገር አለ፣ አይታየኝም፣ አይሰማኝም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ ከፈረቃ ወጥቶ መጣ። ወትሮ እሱ ሲገባ እግሩን የማጥበው እኔ ነኝ፤ እናቴም ለአባቴ እንደዚያው ታደርግ ነበር። ያን ቀን እሱ ራሱ ቀዝቃዛ ውኃ በሳፋ ቀድቶ አመጣና ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ነይ፣ ዛሬ እኔ ልጠብሽ።»

«አብደሃል? ሰው ቢያይ ምን ይላል?»

«ጉንፋን የያዛትን ሚስቱን አጠበ ይላላ። እግርሽን አምጪ።»

ልጅቱ ነግራው ኖሯል። በእጁ ጨርቁን ሲፈታ ፊቱን አየሁት፤ አልተለወጠም። እሱ ሲደነግጥ ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ ፊቱ አይለወጥም።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«አራት።»

«አራት ቀን ስትስዪ ነበር።»

«ሊቆርጡት ነው» አልሁት። ማልቀስ የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው።

«ማን?»

«ሐኪሞቹ ናቸዋ።»

«ሳያዩት?» አለ። «እስቲ መጀመሪያ ይዩት።»

ከሥራ ባልደረባው ብስክሌት ተዋሰ። ከኋላ ወንበሩ ላይ በጎን አስቀመጠኝ፤ እግሬን በነጠላ ጠቅልዬ ዘረጋሁት። በዋናው መንገድ ዘምባባዎች መሐል ሲያልፍ የሰፈር ሰው «ሙሽራ፣ ሙሽራ» እያለ ይለክፈናል፤ እሱም ደወሉን እየደወለ «ሚዜ አጥተን ነው» ይላቸዋል። ፈርቼም ሳለሁ ሳቄ ይመጣል። ከጋብቻችን ወዲህ እንዲያ ተጠግቼው ከተማ መሐል ሄጄ አላውቅም። የሐይቁ ነፋስ ጀርባውን ሸሚዙን ይነፋዋል፤ ጥጥ ጥጥ ይሸታል። መንገዱ ባያልቅ እወድድ ነበር።

ድሬሰሩ ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ቁስሉን አጠቡና «ዓይንሽን ጨፍኚ» አሉኝ። «በጥጥ እነካሻለሁ። ስነካሽ ‹አሁን› በይኝ።»

ጨፈንሁ። ምንም አይሰማኝም። ወንበራቸው ግን አሮጌ ነው፤ ጎንበስ ሲሉ ሲጥ ይላል። ሲጥ ሲል «አሁን» አልሁ። ሌላ ሲጥ፤ «አሁን»። እንዲህ አራት አምስት ጊዜ ሄድን። እንዳታለልኋቸው አውቄ ልቤ ትንሽ ረጋ አለ። እንደገና ሲጥ አለ።

«አሁን» አልሁ።

«ልጄ፣ አሁን አልነካሁሽም። ወንበሩን ብቻ ነው ያንቀሳቀስሁት።»

ዓይኔን ገለጥሁ። እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ዞሯል።

«እኔን አታለሽ ምን ታገኛለሽ?» አሉኝ።

«እግሬን» አልኋቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጠረጉት። ከዚያ ሁሉንም አወጣሁላቸው፤ ጉንዳኑን፣ ሸበጡን፣ የዱርቤቴዋን ሴት።

«እሷ የመጣችው ጠቁሮ ካበቃ በኋላ ነው» አሉኝ። «ቤቷ አስቀምጣው ነው የመጣችው። እግራቸው ደንዝዞ እስከ እርጅናቸው በሁለት እግራቸው የሚሄዱ ስንት ሰዎች አሉ መሰለሽ? መደንዘዙ ብቻውን አያስቆርጥም። ቁስል ነው፤ ያውም የዋለ ያደረ ቁስል። ይህንን ስትደብቂኝ የከረምሽው አንቺ ነሽ፤ ልቆጣሽ ብል ደግሞ ደንግጠሻል።»

እርሳስ መሳይ ወይን ጠጅ ቀለም አመጡና ቅላቱ የቆመበትን ቦታ ዙሪያውን በመስመር ከበቡት። «እዚህ ውስጥ ከቆየ እናሸንፈዋለን። ይህን መስመር ከተሻገረ ግን ነገ አትበይ፤ ያኑ ሰዓት ነይ።» እንዳልቆም፣ ውኃ እንዳልገባ፣ ኪኒኔን እንዳላቋርጥ፣ ሙቅ ነገር በእጅ ሳይለካ ወደ እግሬ እንዳይቀርብ ነገሩኝ። የውስጥ እግሬንም በየቀኑ በመስታወት እንድመለከት። ለባለቤቴም ደገሙለት፤ እኔን አላመኑኝም።

እንዲህ ሆኖ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጥሁ። እግሬን ሣጥን ላይ ሰቅዬ በረንዳ ላይ እውላለሁ። ትልቋ ወጥ ትሠራለች፤ ጨው ታበዛለች፤ ሁላችንም ዝም ብለን እንበላለን። በየጠዋቱ ጨርቁ ሲፈታ ልጆቹ ሁሉ ይሰበሰቡና መስመሩን ያያሉ። ያኔ ራዲዮኑ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያወራው ስለ ጠላትና ስለ ድንበር ነበርና ባለቤቴ እንደ ካድሬ ደረቱን ነፍቶ «ጓዶች፣ ጠላት ድንበሩን አላለፈም» ይላል። ትንሹ ልጄ ያጨበጭባል። ይህን ቀልድ ከቤት ውጭ እንዳያወሩት ልጆቹን አስጠነቅቃቸዋለሁ፤ እነሱም ያስጠነቀቅኋቸውን ሁሉ እንደሚያወሩ አውቃለሁ።

የምሠራው ስላጣሁ የልጄን መጽሐፍ አነብብ ጀመር። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ፤ ግን ከዚያ ወዲያ ከኪኒኔ ብልቃጥ በቀር ያነበብሁት ነገር አልነበረም። የጂኦግራፊ መጽሐፏን በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። ጣና ስንት ደሴት እንዳለው እዚያ አገኘሁት። ስንት ዓመት ውስጡ ቆሜ ዓሣ ስፍቅ አንድም ቀን አልቆጠርኋቸውም። ልጄን «ይሄ እውነት ነው?» ብላት «እማዬ፣ መጽሐፍ ነው እኮ» አለችኝ፤ ተናዳ።

በአምስተኛው ጠዋት ጨርቁ ሲፈታ ማንም አልቀለደም። ቅላቱ ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል አልፏል። ባለቤቴ ብስክሌቱን ሊለምን ወጣ። ልጄ ነጠላዬን አመጣችልኝ። እኔ ስለራሴ የማስበውን ትቼ «ወጡን ከእሳት አውርጂው» አልኋት።

ያን ቀን ሆስፒታል አስተኙኝ። መርፌ ጠዋትና ማታ ይወጉኛል፤ እግሬን ከፍ አድርገው አስረውታል። ድሬሰሩ ከመጀመሪያው መስመር በላይ ሌላ መስመር አሰመሩ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ቁስሉን አየና «ሁለት ቀን እንጠብቃለን» አለ። «ከሁለት ቀን በኋላስ?» አልሁት። «ከሁለት ቀን በኋላ እናያለን» አለኝ። ዓይኑ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበር። አልጋዬ ከመስኮት አጠገብ ነው፤ ውጭው ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ወፍ ይጮኻል፤ እኔ ግን በአንድ እግር እንዴት ልብስ እንደሚታጠብ፣ በአንድ እግር ትንሹን ልጅ እንዴት እንደምሸከም እያሰብሁ ነበር። በሐሳቤ አጥቤም ተሸክሜም ጨረስሁ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ትንሽ ደከመው።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ በሩ ላይ ብቅ አለች። ነጠላዋን በአፏ ይዛዋለች። ሳህን ጠቅልላ ይዛለች፤ የገብስ ቂጣና ምስር ወጥ ነው፤ ስኳር ላለበት የሚሆነውን ጠይቃ ነው የሠራችው። አልጋዬ ጫፍ ላይ አስቀምጣው ቆመች።

«ቁጭ በይ እንጂ» አልኋት።

«ምን ፊት አለኝ። እኔ ነኝ ያቃጠልሁሽ።»

«‹ጨምሪ› ያልሁሽ እኔ ነኝ።»

«ማንቆርቆሪያው በማን እጅ ነበር?»

«እግሩስ የማን ነበር?»

ቁጭ አለችና «ማንቆርቆሪያዋን ሸጥኋት» አለችኝ። «ወላሂ፣ ዓይኗን ማየት አልቻልሁም።»

«ምነው፤ ጥሩ ማንቆርቆሪያ ነበረች እኮ።»

«ለማን እንደሸጥኋት ብታውቂ ደግሞ ትገድይኛለሽ። ለዚያች ለምትጠያት ለእንጨት ሻጯ።»

«እንግዲያ ከእግሬ ይልቅ ይሄ ነው የሚያመኝ» አልኋት። አጠገቤ የተኛችው በሽተኛ ሳትቀር ሳቀች። ጎረቤቴ ቂጣውን በእጇ እየቆረሰች አጎረሰችኝ። ተጣልተን አልነበረም፤ ግን የታረቅን ያህል ነው ያን ቀን የቀለለን። ስትወጣ «ከአሁን በኋላ አንቺ ‹ገና ነው› ብትዪ እኔ አላምንሽም» አለችኝ። «አትመኚኝ» አልኋት።

በሦስተኛው ጠዋት ድሬሰሩ ጨርቁን ሲፈቱ ዓይኔን ጨፈንሁ። ወንበሩ ሲጥ አለ። ብዙ ቆዩ።

«ዓይንሽን ግለጪ፤ ዛሬ ፈተና የለም» አሉኝ። «እይው።»

ሁለተኛውን መስመር አልነካውም። ከመጀመሪያውም መስመር ወደ ውስጥ ተመልሷል፤ በመስመሩና በቅላቱ መሐል የእኔ የራሴ ጠይም ቆዳ እንደ ቀለበት ወጥቷል። ከዚያ በፊት ቆዳዬን አይቼ ቆንጆ ነው ብዬ አላውቅም። ዶክተሩ መጣ፣ ነካ ነካ አደረገው፣ «ጥሩ» ብሎ ሄደ። ያቺን አንዲት ቃል ሙሉ ቀን ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ስነግር ዋልሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ ግን የሚያስፈራ አልነበረም። ቁስሉ ከዳር እየጀመረ ቀስ እያለ ገጠመ። በየሁለት ቀኑ ሄጄ ይታጠብልኛል። ባለቤቴ መላጫ መስታወቱን ሰጠኝ፤ መሬት ላይ አስቀምጬ የውስጥ እግሬን አያለሁ፤ እሱ ጢሙን በእኔ ዓይን ተላጨ ለማለት ይቻላል፤ «እዚህ ጋ ቀርቷል» እለዋለሁ። የወጡ ጨው ልክ መጣ፤ ልጄ ሙያውን ለመደችው። ለማርያም በዓል ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ስነሣ ጭንቅ ገባኝ፤ ጫማ አውልቆ መግባት ግድ ነው፣ በባዶ እግር መርገጥ ደግሞ ክልክል ነው ተብያለሁ። የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ካልሲ አድርጊ። እግዚአብሔር ስለ ካልሲ አይጠይቅሽም፤ ስለ ዋሸሽው ጉንፋን ነው የሚጠይቅሽ» አሉኝ። ባለቤቴ ነው የነገራቸው፤ ሌላ ማን ይሆናል።

የሐይቁ ዳር ሴቶችም ተመካከሩና ከውኃው ወጣ ብሎ ደረቅ መሬት ላይ ሣንቃ አኖሩልኝ። ሽፍን ጫማ አድርጌ፣ ቁጭ ብዬ ቅርፊት እፍቃለሁ፤ እነሱ ከውኃው ያቀብሉኛል። «እመቤቲቱ፣ ሌላ ዓሣ ይምጣልዎ?» ይሉኛል እየሰገዱ። አሁን ከእነሱ አንዷ እግሬን ደነዘዘኝ ያለች እንደሆነ ውኃ የሚያፈላላት የለም፤ ሆስፒታል እንወስዳታለን። አንዷን ወስደናታል።

ቁስሉ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀን ጠዋት ነበር። ድሬሰሩ ጨርቁን ፈቱት፤ አዲስ ጨርቅ አላነሡም። አውራ ጣታቸውን በቁስሉ ቦታ ላይ አሳለፉ። ቆዳው ቀጭን ነው፣ ቀላ ያለ፣ ግን ሙሉ ነው፤ የትም አልተከፈተም።

«ተዘግቷል» አሉኝ።

«ስሜቱስ ይመለሳል?»

«ላይመለስ ይችላል። አልዋሽሽም።»

«እግሬስ?»

«እግርሽማ አንቺው ጋ ነው። የት ይሄዳል?»

ተነሥቼ ቆምሁ። ወደ በሩ ሄድሁ፣ ተመለስሁ፣ እንደገና ሄድሁ። እሳቸው ቀጣዩን በሽተኛ ጠሩ።

ቤት ስደርስ ልጆቹ በረንዳው ላይ ተደርድረው ይጠብቁኝ ነበር፤ ባለቤቴም ከፈረቃ ወጥቶ ሳይተኛ። ጎረቤቴ ከበሯ አንገቷን አስግጋለች። ሁሉም እግሬን ነው የሚያየው። ጫማዬን አውልቄ ካልሲዬን ገፍፌ አሳየኋቸው።

«ዳነ» አልኋቸው። «እግሬ አልተቆረጠም። ተርፌያለሁ።»